ባልቦላው ኪዳኔ ኪስ ነበር

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት፣ ፒያሳ ባለው የጥገና ክፍላችን ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥራ። ፎርማኑ ጋሽ በቀለ በሩ አጠገብ ቆመው ፒንሳቸውን በዘይት ጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ኪዳኔ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሐና ከመደርደሪያው ጀርባ የሽቦ ጥቅል ትደረድራለች። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ብቅ አሉና "አዲሱ ልጅ ይሄ ነው?" ብለው ሄዱ። አምስተኛው እኔ ታደሰ ነበርኩ።

ሙያውን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ዶሮ ማነቂያ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ የተበላሸ ሬዲዮና የተቃጠለ ካውያ እየፈታሁ፣ ካገኘሁት አሮጌ መጽሐፍ ጋር እያመሳከርኩ ነው የለመድኩት። ብዙም አላወራም። ኪዳኔ ይህን ወዲያው አየ።

"ጋሽ በቀለ፣ ይሄ ልጅ ይናገራል ወይስ ባትሪ እንግዛለት?"

ጋሽ በቀለ አልሳቁም። ከማከፋፈያ ሳጥኑ አንድ ባልቦላ፣ ያንን ነጭ የሸክላ ፊውዝ፣ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄ ከሌለ መስመሩ ሞቷል። መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ባልቦላውን ራሱ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ሲጨርስ ራሱ ይመልሳል። እኔ ብጠይቀውም አይሰጠኝም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ሳጥኑ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ይቆማል። ሥራው መቆም ነው።"

መቆም ሥራ ነው መባሉ ያን ቀን ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የምንጠግናቸው ሕንፃዎች በጣልያን ጊዜ የተሠሩ ነበሩ። ሽቦዎቹ የለበሱት ጨርቅ አርጅቶ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። መለዋወጫ እንደ ልብ ስለማይገኝ ባልቦላ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ በቦታው የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ያስገባ ነበር። መብራቱ ይመጣል፤ ሽቦው ግን አደጋ ሲፈጠር አይቋረጥም። ጋሽ በቀለ እንዲህ ያለ ሳጥን ሲያገኙ ሽቦውን ነቅለው የቤቱን ባለቤት ፊት ለፊት ይቆጡት ነበር፤ ማንም ይሁን ማን።

የመስከረሙ የአብዮት በዓል ሲቃረብ በየሕንፃው ፊት ባለ ቀለም አምፖል እንሰቅላለን። አንድ ዓመት ጋሽ በቀለ አምስት ኪሎ ወዳለው ሕንፃ ሄዱና ክፍላችን ያለበት የፒያሳው ሕንፃ ለእኔና ለኪዳኔ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ኪዳኔ አንደኛ ፎቅ፣ የብረት በረንዳው ላይ ወጥቶ የአምፖሎቹን ሽቦ ከሕንፃው መስመር ጋር ይቀጥላል። ብረቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ባልቦላው ኪዳኔ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ካለው ሳጥን አጠገብ ቆሜያለሁ። ከዚያ በረንዳው አይታይም።

ጓድ ሽፈራው እየሮጡ መጡ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማይክሮፎኑ ግን አይሠራም። የአዳራሹ መስመር ኪዳኔ የሚሠራበት መስመር ነበር።

"ማነው ያጠፋው?"

"ኪዳኔ። መስመሩ ላይ ነው።"

"አብራው!"

"ባልቦላው እሱ ኪስ ነው፣ ጓድ። ሽቦው ገና በናስትሮ አልተጠቀለለም፤ ራቁቱን ነው። ትንሽ ይታገሱን።"

"እኔማ ልታገስ። እነሱን ማን ያስታግስልኝ? አንተ ገብተህ ትነግራቸዋለህ?"

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዱ። በሩ ክፍት ስለነበር ይሰማኛል።

"ሐና፣ ሌላ ባልቦላ አለ?"

ሐና ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጸልዩበት ጊዜ ነበር፤ የኃላፊ ዓይን ውስጥ መግባት ለእሷ ቀላል አልነበረም። "የለም" ብትል ነገሩ ለእሷ እዚያው ባበቃ ነበር።

"አለ" አለች። "ኪዳኔ ሳይወርድ ግን አልሰጥዎትም።"

"ምን አልሽ?"

"አለ፤ ግን አልሰጥም ነው ያልኩት።"

ጓድ ሽፈራው ከወለሉ ላይ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አንስተው ወደ እኔ ተመለሱ።

"ይሄን በባልቦላው ቦታ አስገባ።"

"አላስገባም።"

"ትእዛዝ ነው!"

"አላስገባም፣ ጓድ ሽፈራው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይሄ አሻጥር ይባላል። ታውቃለህ?"

አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አልነበረም። ጀርባዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። የማውቀውን ነገርኳቸው።

"በረንዳው ብረት ነው። ብረቱ እርጥብ ነው። ኪዳኔ ብረቱን ተደግፎ ነው የሚሠራው። ወጥተው ይዩት።"

ሽቦውን እንደያዙ ወደ ውጭ ወጡ። እኔ ከሳጥኑ አልተንቀሳቀስኩም። ኪዳኔ ከላይ ሲጮህ ሰማሁ።

"ጓድ ሽፈራው! መብራት ሊለቁ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ሚስቴን ልሰናበታት!"

ጓድ ሽፈራው ሲመለሱ የኮታቸው ትከሻ ከበረንዳው በሚወርደው ውሃ ርሷል። ሽቦውን እጄ ላይ አደረጉና "ጣለው" አሉኝ። የአዳራሹን በር ሲከፍቱ አንድ ወፍራም ድምፅ "መብራቱን ማነው ያስቋረጠው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጓድ ሽፈራው። "ሰው እየሠራ ነው።"

በሩ ተዘጋ።

ኪዳኔ ሥራውን ጨርሶ ወረደ። ባልቦላውን ከኪሱ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገና ቦታው መለሰው።

"ሓወይ" አለኝ፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። "ብረቱ ላይ የነበርኩት እኔ፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ። ፋራ!"

ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ቁራጭ ሽቦ አየ። ቀልዱን ተወ። ቤቱ ስድስት ኪሎ ሆኖ ሳለ ያን ቀን እስከ ዶሮ ማነቂያ ድረስ ሸኘኝ።

አሻጥር የሚለውን ቃል ዳግመኛ ያነሳብኝ የለም። ጓድ ሽፈራው ጥቂት ቆይተው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። በዚያ ቀን ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም።

አዲስ ለሚገቡ የምነግራቸው ይህን ነው። መስመር ላይ ሰው ካለ መብራት አይለቀቅም። ባልቦላውን የሚመልሰው የነቀለው ሰው ነው። የሚያዘው ሰው ማንነት ይህን አይለውጠውም።

የጻፍኩት ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ የሰማሁትንና ያየሁትን ብቻ ነው። ጓድ ሽፈራው በረንዳው ሥር ቆመው ምን ያህል ሽቅብ እንደተመለከቱ ኪዳኔ ያውቃል፤ ይጨምርበት። ሐና ያጎደልኩትን ትሙላ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጓድ ሽፈራው ምን እንደተባሉ፣ ያለ ማይክሮፎን ቆመው ምን እንደመለሱ ግን ሦስታችንም አልሰማንም። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ጻፉልን።