ነጎድጓድ ያልነካቸው ጫጩቶች

ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰማዩ ድንገት ሲያጓራ፣ አፍንጫዬን የመታኝ የዝናብ ሽታ አይደለም፤ የገለባና የታቃፊ ዶሮ ሽታ ነው፤ በአንዴ ቡሬ አጠገብ፣ በእናቴ ጓዳ ውስጥ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት።

እማዬ ዶሮ ስታስታቅፍ እንቁላሎቹ መሀል የዛገ ሚስማር ታስቀምጣለች። ነጎድጓድ ሲመታ ብረት ካልጠበቀው ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል፣ አለቀ! እኔ ደግሞ ሳይንስ መማር ጀምሬ ራሴን ሊቅ ያደረግሁበት ጊዜ ነውና «ሚስማር ምን ያደርጋል?» እያልኩ ነፍሷን አወጣኋት።

አንድ ዓመት በግንቦት፣ ሁለት ዶሮዎች ጎን ለጎን ታቀፉ። ገብስማዋ የምትፈለፍለው የኔ እንዲሆን ተነግሮኛል፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ንብረቴ ነው። እንግዲያው በራሴ ልሞክረው ብዬ ከገብስማዋ ሥር ሚስማሩን መዘዝኩት።

በማግስቱ ከሰዓት ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ነጎደ። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ሳይንስ ብን አለና ሚስማሩን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ማመን አልፈለግሁም፣ ማንም ማስረጃ አላሳየኝም፣ ግን በዚያች ደቂቃ ከእማዬ በላይ አመንኩ። ዶሮዋ እጄን ነከሰችኝና እልህ ያዘኝ፤ አልመለስኩትም።

ከዚያ በየቀኑ እንቁላሉን ወደ ጆሮዬ ማስጠጋት ሆነ ሥራዬ፣ አንድ ጠዋት ውስጡ «ጢው» ሲል ልቤ ልትወጣ! ሁሉም ተፈለፈሉ። እየጮህኩ ሮጬ ሚስማሩን እማዬ አፍንጫ ሥር ደቀንኩት።

«ይኸው! ያለ ሚስማር ነው የተፈለፈሉት!»

እማዬ ጫጩቶቹን አየች፣ ሁለተኛዋን ዶሮ አየች።

«የጎረቤቷ ብረት ደርሶላት ነዋ!»

«እንግዲያ በሚቀጥለው ከሁለቱም አውጪ!»

«አንች ቅብጥብጥ፣ እግዜርን ልፈታተን?» ብላ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ፣ በቆሎ ስንፈለፍልም ውሃ ስንቀዳም ተከራከርን፤ እኔ ማስረጃ ሳመጣ እሷ ቀዳዳ ስታገኝለት፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ትምህርት ዩኒቨርሲቲም አላገኘሁም።

ዘንድሮ ተመርቄ ቤት ገባሁ። የምርጥ ዘር በቆሎ ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ ይቀንሳልና ለዘር እንዳታስቀምጥ ልነግራት፣ ክርክሯን ቀድሜ እያሰብኩ፣ መልሴን መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ገና አንዱን ስናገር «እሽ፣ የተማርሽው አንች፤ ያልሽው ይሁን» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ እንደ ድሮው ‹በምን አወቅሽ?› በይኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

ደነገጠች። «አጠፋሁ እንዴ፣ ልጄ?»