ያላነበበችው ተውኔት

የቴአትር ቤቱ ሰዎች «አገናኟ» ይሏታል፤ ስፖንሰር ፍለጋ ሃያ ዓመት ሙሉ የባለሀብት ደጅ ስትጠና ኖራለች። እሺ ያላትን ሰው፣ ውል ከመፈራረማቸው በፊት ልምምዱን አጠገቧ አስቀምጣ ታሳየዋለች። ሳቋ የምር እንዲሆን ብላ ድርሰቱን አስቀድማ አታነብም።

ዛሬ ያመጣችው የቀለም ፋብሪካ ባለቤት ነው። ልምምዱ እንደተጋመሰ መድረኩ ላይ አንድ ክፉ ሰው ብቅ አለ፤ እሱም የቀለም ፋብሪካ አለው። ዝቃጩን በድብቅ ወንዝ ውስጥ ሲያስደፋ አገናኟ ክው አለች። ላብ አጠመቃት። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች፤ የደራሲውን ዘር ማንዘር በሆዷ ረገመች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ፈጠራ እኮ ነው!» አለችው።

ቀና ብላ ስታየው ከእሷ ብሶ አልቦታል። ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ፣ «ማን ነገራችሁ?» አላት።