የተሻገረችው ነጥብ

ልጆቹ ይንገሩን አሉኝ። ልጆቹ የምላቸው የልጅ ልጄ ድሮ ትሠራበት በነበረው ቢሮ ያሉትን ነው፤ ሲያዩኝ ከወንበራቸው የሚነሡ ጨዋ ልጆች ናቸው። «እማማ፣ ግራፍ ዳታቤዝ የሚባለውን በሽምብራ የተማሩበትን ይጻፉልን፤ አዲስ ለሚገቡት እናነብላቸዋለን» አሉኝ። ሽምብራውን ሰምተዋል። ከሽምብራው በኋላ የሆነውን ግን አልሰሙም። እሺ አልኋቸው። እሺ ካልሁ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ብዕር ማንሣት አቃተኝ።

የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። አባቴ ደቅ ደሴት ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ ለወንዶቹ ተማሪዎች ፊደል ሲያስቆጥር እኔ ጓሮ ሆኜ ጌሾ እየለቀምሁ እሰማ ነበር። እንዲሁ እየሰማሁ፣ ቅርጹንም አጮልቄ እያየሁ ያዝሁት። ከፊደሉ ይልቅ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ግን ዘሩ ነው። አባቴ የሞቱ ዘመዶቻችንን ለጸሎት በክርስትና ስማቸው ሲጠራ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ወዴት እንደሄደ አብሮ ይናገራል። እኔም ያንን እንደ ዳዊት ደገምሁት።

እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዛሬ ዓባይ ማዶ ልጄ ቤት፣ ነገ በጀልባ ደቅ፣ ሲለኝ ደግሞ ቆላ ድባ ከእህል ገበያው አጠገብ ያለች ወዳጄ ዘንድ። የደረስሁበት ሁሉ «መጣሽ? እስቲ ቁጠሪልን!» ይሉኛል። ልጆች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ አለመሆናቸውን የሚመሰክር ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሌላ የምከበርበት ነገር አልነበረኝም። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሠራሁትን ሥራ እንድትረዱልኝ ብዬ ነው እንጂ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና የልጅ ልጄ ቢሮ ገባሁ። ትልቅ ስክሪን ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ይወጣል ይወርዳል። ዳሽቦርድ ይሉታል፤ የቁጥር ሰሌዳ መሆኑ ነው።

«ይኸውልሽ እምዬ፣ ለእህልና ለፍራፍሬ ነጋዴዎች የሠራነው ነው። ሽያጩ መቼ እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚቀንስ ያሳያቸዋል።»

«ይኼ ሽቅብ የወጣውስ?»

«በዐቢይ ጾም የሽሮ እህል በብዛት ይሸጣል ነው የሚል።»

«እሰይ! ይኼን ለማወቅ ነው እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሽቦ የዘረጋችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነበር፤ የደምቢያ፣ የቆላ ድባ ልጅ ነው። የልጅ ልጄ እሱ ሲስቅ አይታ እሷም ሳቀች። ያኔ ነው የገባኝ።

ልጁ ታች የወረደውን መስመር እያሳየ፣ «ታዲያ እማማ፣ ይኼንስ ይንገሩን፤ ከደቅ የሚመጣው ማንጎ ድንገት ቀጥ ብሏል። ሰሌዳው መቀነሱን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም» አለኝ።

«እዚያ ያሉት ሦስቱም ሻጮች የሚጭኑት በአንድ ባለጀልባ ነዋ። እናቱ ሞታበት አርባዋን ሳያወጣ ከቤት አይወጣም።»

«ለምን ሌላ ጀልባ አይጭኑም?»

«አንደኛዋ የሚስቱ እኅት ናት፤ ለሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ልጆቻቸውን ክርስትና አንሥቶላቸዋል። እሱ ኀዘን ተቀምጦ በሌላ ሰው ጀልባ ሊጭኑ? እንዴት ብለው!»

የልጅ ልጄ ጠረጴዛውን መታች። «ይኼው! ይኼንን ነው የምልህ! ሰሌዳው ስንት እንደሆነ ይነግረናል። ማን ከማን ጋር በምን እንደተያያዘ ግን የለውም።»

በሳምንቱ ቤት ሆኜ ሽምብራ ስለቅም መጥታ ሰፌዱን ከእጄ ወሰደች። አንዷን ሽምብራ እዚህ፣ ሌላዋን እዚያ አስቀምጣ መሀላቸው ላይ ክር ዘረጋች።

«እምዬ፣ ሌላው ዳታቤዝ እንደ መዝገብ ነው፤ ሰውን በመደዳ ይጽፋል። ግራፍ ዳታቤዝ እንዲህ ነው። ሽምብራዋ ሰው ናት፤ ነጥብ እንላታለን። ክሩ መስመር ነው። መስመሩም ራሱ ስም አለው፦ ወለደ፣ አገባ፣ ክርስትና አነሣ። ከዚያ ከዚች እስከዚያች በየት በኩል ይደረሳል ብለሽ ስትጠይቂው ክሩን እየተከተለ ያገኝልሻል።»

«ይኼማ የኔ ጭንቅላት ነው!»

«ነዋ! አንቺን ነው በማሽን የሠሩሽ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሽምብራው እስከዚህ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት እስከዚህ ነው፤ አዲስ ለሚገቡት ማንበብ የሚፈልጉትም እስከዚህ ብቻ ይመስለኛል።

የልጅ ልጄና ባለመነጽሩ ልጅ ሊጋቡ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ከፋሲካ በኋላ መደገሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። የዘር ቆጠራው ገና አልተደረገም ነበር፤ ማንም ግን አልፈራውም። እኛ ከደቅ፣ እነሱ ከደምቢያ፤ መሀላችን ሐይቅ ነው። እነሱም ያን ቆጠራ ለሥራቸው መሞከሪያ ሊያደርጉት አሰቡ። የሁለታችንን ዘር ግራፍ ዳታቤዙ ውስጥ አስገብተው ለነጋዴዎቹ ሊያሳዩበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ የአያቱን ቆጠራ በስልኩ ቀድቶ ይዞ መጣ። አሮጊቷ እንደኔው ጥሩ አድርገው ይቆጥራሉ። በመሀል ግን፣ «የእሳቸው ልጅ ደግሞ... እሽ! ይቺ ዶሮ! ከጤፉ ላይ ውረጂ! የእሳቸው ልጅ ደግሞ...» ሲሉ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «ዶሮዋንም ላስገባት?» ትላለች የልጅ ልጄ። «አስገቢያት፣ የኛ ወገን ናት» ይላል እሱ። እንዲያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህም አልሳቅሁም።

እኔም የኔን ቆጠርሁ፤ እሷ እየሰማች ጻፈች። ስጨርስ ማሽኑ አንድ ነገር አወጣ።

«እምዬ፣ ጥያቄ አለው» አለችኝ። «አንቺ ከቆጠርሽው አንዲት፣ የሱ አያት ከቆጠሩት አንዲት፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ ወይ? ይላል። የክርስትና ስማቸው አንድ ነው፤ ዘመናቸውም ይቀራረባል።»

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። በዚያ ስም የተጠመቁ ሴቶች ሐይቁን ዙሪያውን ይሞሉታል። የኔዋ የአያቴ እኅት ነበረች። አባቴ ሲጠራት፣ «እሷ ልጅ ሆና ተሻገረች» ይልና ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለሷ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። የልጁ አያትም ስለ ሴት አያታቸው ሲናገሩ፣ «ከሐይቅ ማዶ የመጣች ናት» ብለዋል። አንዷ ተሻገረች፤ አንዷ ከማዶ መጣች።

ፊደል በጓሮ የሰማሁ ሴት ነኝ። በዕድሜዬ ሁሉ ጽሕፈት ያለው ነገር እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ቀን ማሽኑ ቁጭ ብሎ የኔን መልስ ጠበቀ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

«አዎ» አልሁ። «አንድ ናት።»

ተጫነችው። ሁለቱ ነጥቦች ተደራርበው አንድ ሆኑ።

ልጁ እየሳቀ፣ «በይ አሁን ከኔ እስካንቺ ያለውን መንገድ ጠይቂው» አላት። ጠየቀችው። ከሱ ተነሥቶ አንድ ቀይ መስመር ወጣ፤ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደዚያች ሴት፣ ከሷ ወደ አያቴ፣ ወደ አባቴ፣ ወደኔ፣ ወደ ልጄ፣ መጨረሻ እሷ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰባት ቤት አልሞላም።

«ዘመዳሞች ነን በለኛ!» አለ ልጁ፣ አሁንም እየሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

የልጅ ልጄ ቀስ ብላ፣ «እምዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? ልመልሰው እችላለሁ እኮ» አለችኝ። ጣቷ እዚያው ላይ ነበር። እኔ እኮ «እንጃ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ፊደል። ግን በዘር ነገር «እንጃ» ብዬ አላውቅም፤ አፌ አልለመደውም። ደግሞም ፈራሁ። ባልናገር ዘመድን ከዘመድ አጋብቼ ለዘለዓለም ኃጢአት ላይ የምጥላቸው መሰለኝ።

«ማሽኑም አይቶታል፣ እኔም አውቀዋለሁ» አልኋት።

ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ የነፍስ አባታችን መሀላቸው ነበሩ። «እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ይቺ ሴት አንድ ናት?» አሉኝ። የልጁ አያት በስልክ፣ «እኔ አያቴ ከማዶ መምጣቷን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም» ብለዋል። እንግዲህ የቀረ ምስክር እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ኖሮ ምናልባት... አይ፣ እንጃ። ይኼው አሁን እንጃ ማለት ቻልሁ።

«አንድ ናት አባ» አልሁ።

ድግሱ ቀረ። ሁለት ወር እዚያው ቢሮ እየተያዩ ሠሩ፤ ከዚያ ልጁ አልቻለም መሰለኝ ለቀቀ። አንዳንድ ሰው፣ የማሽኑ ነገር ነው፣ ማሽኑ ባያወጣው ማን ያውቅ ነበር ይላል። እኔ ማሽኑን አልወቅሰውም። እሱ «ሊሆኑ ይችላሉ» ነው ያለ። «ናቸው» ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያወጣው ቀይ መስመር ሁሉ የተሳለው በኔ አፍ ነው፤ ስክሪን ላይ ሲታይ ግን የማሽኑ እውቀት መሰለ። ለኔም ጭምር መሰለኝ። ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ለሥራችሁ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ይኼ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ አንድ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ የሚመልስላችሁን ሰው ፊት እዩት። ኮርቶ እንደሆን ተዉት።

የልጅ ልጄ በዓመቱ አዲስ አበባ ገባች። ከመሄዷ በፊት የዘራችንን ግራፍ አጥፍታዋለች። አጥፍቻለሁ ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እምዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? በጀልባ አትሂጂ፣ ነፋስ አለ» ትለኛለች። ደግ ናት። ደግነቷ ነው የሚገድለኝ። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ጠይቄ አላውቅም፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ልጁ ሌላ አግብቶ ወልዷል፤ እዚሁ ዓባይ ማዶ ነው የሚኖር። አንዳንድ ቀን የወለደውን ሕፃን ባጃጅ ውስጥ አስቀምጦ ሲያልፍ ያየኛል። አስቁሞ ወርዶ ጉልበቴን ይስማል። ስሞኝ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የምሄድበትን እረሳዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዘር አልቆጠርሁም። «እስቲ ቁጠሪልን» ሲሉኝ ረሳሁ እላለሁ። አልረሳሁም። ተኝቼም ይቆጥራል ጭንቅላቴ፤ እዚያች ሴት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ክሩ ይያዛል።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርሁትም፤ ለልጅ ልጄም ጭምር። ብነግራት ምን ታደርግበታለች? የሄደውን አትመልሰው። እኔም ብሸከመው ይሻላል ብዬ ያዝሁት፤ አሁን ግን ከበደኝ። ይኼን ጽሑፍ ስታነቡ እሷም ታነበው ይሆናል።

ካቻምና፣ ለአንድ ዘመዴ ተዝካር ደቅ ተሻገርሁ። ከድንኳኑ ጥግ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት መነኵሲት ተቀምጠው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከሐይቁ ዳር ባለ የሴቶች ገዳም የኖሩ ናቸው። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ፤ የአባቴን ስም ነገርኋቸው። እጄን ያዙኝ።

«የአባትሽን አክስት እኮ እኔ ነኝ በእርጅናዋ ውኃ እየቀዳሁ የጦርኋት» አሉኝ። ያንን የክርስትና ስም ጠሩት።

«እሷ ተሻግራ የለም ወይ፣ እማሆይ?» አልኋቸው። «ደምቢያ ተድራ?»

ሳቁ። «ማን ዳራት? እናንተ የካህናት ቤት ሰዎች አይደላችሁም ወይ? የድሮ ሰው ሴት ልጁ ስትመንን ተሻገረች ነበር የሚል፤ ከዚህ ዓለም ተሻገረች ማለት ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ገባች፣ ስትመነኩስ ስሟ ተለወጠ፣ እዚያው አርጅታ እዚያው ተቀበረች። ልጅ አልወለደችም።»