ግራዋ ይሏት ነበር

ምስር እየለቀምኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነበር። «ታናሽ እህትዎ ሲያስተምሩ ወድቀው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ። ያጽናዎት» አለኝ። «እቤት ያስቀመጡት ቫዮሊን ግን የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ክሮቹን ወደ ቦታቸው አስመልሰው ያምጡልን» ብሎ ጨመረ።

እህቴ ግራኝ ነበረች። እዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች፣ የቫዮሊኑን ደጋን በግራ እጇ ባነሳች ቁጥር መምህሯ ጣቶቿን በማስመሪያ ይመታት ነበር። «የሁሉም ደጋን ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ያንቺ ብቻ በተቃራኒው ሄዶ የሰው ዓይን ያውጣ?» ይላት ነበር። በቀኟ ተማረች፤ ተመረቀች፤ እዚያው መምህርት ሆነች። ሰው ሲያጨበጭብላት ግን፣ «በተውሶ እጅ ነው የተጫወትኩት» ትል ነበር።

ግራኝ ተማሪ ሲመጣላት የቫዮሊኑን ክሮች ገልብጣ ትወጥርና በግራው ታስተምረው ነበር። ባልደረቦቿ «ግራዋ» የሚል ስም አወጡላት፤ ግራም መራራም ለማለት።

«ግራዋማ ዕቃ ያጠራል» ትላቸው ነበር። «እናንተ ናችሁ ብትታጠቡም የማትጠሩት።»

ሻይ አብሯት የሚጠጣ አልነበረም። ክፍሏንም ነጥቀው ደረጃ ሥር ያለውን የወንበር ማከማቻ ሰጧት። የወደቀችው እዚያ ነው።

የመጨረሻ ተማሪዋም ግራኝ ናት፤ የምረቃ ፈተናዋ ደርሶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ልጅቷን ይዤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«በግራ አንፈትንም» አለ ገና ሳንቀመጥ።

«ዓይንዎን ጨፍነው ይስሟት። በየትኛው እጇ እንደምትጫወት ጆሮዎ ከለየ ይጣሏት።»

«እናቴ፣ ሙዚቃ ሥርዓት ነው። የእህትዎ ግትርነት ከእሳቸው ጋር ይቀበር።»

«የዘር ነው፤ እኔ ገና አልተቀበርኩም።»

«በቀኟ ትልመድና ለከርሞ ትምጣ።»

«እሺ። እርስዎም እስከዚያ በግራዎ ይፈርሙ።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። እሱ በሩን አሳየኝ። ልጅቷ ክንዴን ይዛ፣ «ይቅር፣ እትዬ፤ ከነጭራሹ እንዳያባርሩኝ» አለችኝ።

ቫዮሊኑን አልመለስኩም፤ ሳሎኔ ውስጥ ትለማመድበታለች። ለበላዮቹ አቤት ብያለሁ፤ የመለሰልኝ የለም። ጓደኞቿ ተመርቀዋል። እሷ እስካሁን አልተፈተነችም።