የሙባረክ ሽቶ እስከ ሶባ

የዴም ሰፈሩ ባለራክሻ፣ ባጃጅ ነጂው ሙባረክ፣ ሸሚዙን የቤንዚን ሽታ ለቆት አያውቅም። ስለዚህ ሉጥፊያን ለማግባት አክስቷን ሊጠይቅ ከተማው ዳር ወዳለችው ሶባ በሚሄድበት ዓርብ የወንድ ሽቶ ገዛ። ከጎረቤቶቹ የታጠበ ሸሚዝ የተገኘብኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሽማግሌው እኔ ሆንኩ።

ሲረጨው አስነጠሰኝ። ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና ቅርንፉድ አንድ ላይ ተነሡ፤ አንድ ሙሉ የቅመም ገበያ እዚያች ጠርሙስ ውስጥ መግባቱ ገረመኝ። ሐፍላው፣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ ሰውዬ ድስት የጫንን መስሏቸው እግራችን ሥር አዩ።

የሶባ መንገድ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም አይምርም። ቅመሙ እየሳሳ ሄዶ፣ ስንወርድ ከሙባረክ አንገት የሚመጣው ለስላሳ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ሽታ ነበር። እኔ የማለዳ ጉም አልኩት።

አክስቷ እትዬ ዘሊካ ግን አል-ጣኢፍ ውስጥ በሞግዚትነት የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ናቸው። ትከሻውን ይዘው ሰላም ሲሉት አፍንጫቸው ቆመ።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ማን?»

«አቅፈኸው የመጣኸው ሕፃን። ፓውደሩ ገና አለቀቀህም።»

ሉጥፊያ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ በትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ሙባረክ ልጅም ሚስትም እንደሌለው በወላሂ ማለ፤ ጠርሙሱን አውጥቶም እጁ ላይ ረጨ። ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለ።

«ይሄማ ወጥ ነው» አሉ እትዬ ዘሊካ። «እኔ የምልህ ሕፃን ነው።»

ፓውደሩ ኋላ እንደሚመጣ ለማስረዳት ሞከርኩ። እንግዲያው እንጠብቃለን ብለው አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ የተኙትን የባላቸውን የጋሼ አብዱልወሃብን እጅ አስረጩ። ቅመሙ እስኪበርድ ሙባረክን ስለ ወሎ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሶላቱ ጠየቁት፤ ላብ በላብ ሆኖ መለሰ። ሉጥፊያ ጋሼን ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ደጋግማ መጥታ ጠየቀች። ሁልጊዜም በተረጨው እጃቸው በኩል ጎንበስ ትላለች። እሳቸው ተኝተዋል።

በመጨረሻ እትዬ ዘሊካ የባላቸውን እጅ አንስተው አሸተቱ፤ ደግመውም አሸተቱ።

«አብዱልወሃብ፣ አንተስ የማንን ልጅ አቅፈህ ነው?»

ሉጥፊያ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ ዘሊካ ለሙባረክ ፈቀዱለት። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ጢም ያለው ሽማግሌ ይዞ እንዲመጣ አዘዙት፤ ሲሉት ወደ እኔ አላዩም። በር ላይ ደግሞ ጠሩት።

«ሽቶውን ተወው፣ ሙባረክ። ቤንዚኑ ይሻላል፤ ቢያንስ የት እንደዋልክ አያከራክረንም።»