ወደ ግራ የሚያዘነብሉ ሰዎች

እህቴ ከሞተች በኋላ ተቀምጬ መብላት አቃተኝ። ቆሜ እበላለሁ፤ ግማሹን ትቼ እወጣለሁ። ጅቡቲ ከተማ ካለው ሰፈራችን፣ ከአርሂባ፣ እስከ ካርቲየ 6 ሰፈር ድረስ በእግሬ እሄድና ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ሳላውቅ እመለሳለሁ። እናቴ ሳህኑን ከድና ታስቀምጥልኛለች።

እህቴ ሆዳን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። የቤቱ ልጆች አዲስ ታብሌት ሲገዛላቸው አሮጌውን ሰጧት። መሳል የጀመረችው በሱ ላይ ነው፣ በጣቷ። ያስተማራት ሰው የለም። ታማ ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን ሞተች። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ታብሌቱ ለእኔ ደረሰኝ።

የምትስልበት ፕሮግራም ሥዕሉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይቀዳል። ዘጠኝ ሥዕል ትታለች። ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ ስትስል አይቻታለሁ፤ ማለቴ፣ እሷን ሳይሆን መስመሯን። ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች፤ የሴትየዋን እጅ ሰባት ጊዜ ስላ ሰባት ጊዜ አጥፍታዋለች። እኔም ቪዲዮውን እያቆምኩ መስመሯን እየተከተልኩ እስላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ የተማርኩት ይህንን ብቻ ነው።

መተዳደሪያዬ ላደርገው ፈለግሁ። ካርቲየ 6 ባነርና የሠርግ ካርድ የሚያትም ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሶማሌ ነው፤ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ሥዕሎቼን አይቶ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ሊያሠራኝ ፈቀደ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ካለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ደወሉልኝ። ቀደም ብዬ ሥዕል ልኬላቸው ነበር።

“ልጄ፣ ጅቡቲ ነፋስ ይበዛል እንዴ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አንዳንዴ።”

“የሳልካቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። አንድም ቀጥ ብሎ የቆመ የለም።”

ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

“ይታረማል። የመጀመሪያው ዓመት ወረቀትና ከሰል ነው፤ ኮምፒውተር ሦስተኛ ዓመት ላይ ትደርስበታለህ። አንድ ሰው ፊትህ አቁመህ በእርሳስ ሳልና እስከ ሐሙስ ላክልኝ። ካልላክህ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን።”

ለባለሱቁ ነገርኩት።

“ከሰል?” አለ። “ዋላል፣” ወንድሜ ማለቱ ነው፣ “ከሰል ለመንካት አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬድሃል? እናትህ ምድጃ ሥር ሞልቷል።”

“ለመማር ነው።”

“ባነር የሚያዝዝ ሰው ዲፕሎምህን አሳየኝ ብሎህ ያውቃል? ኢንተርኔት እያለልህ! ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ካላየሁህ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።”

እውነቱን ነው ብዬ ወጣሁ። ያናደዱኝ መምህሩ ነበሩ። ይታረማል ያሉት የኔን እጅ አይደለም፤ የእህቴን ነው። ቤት ገብቼ ዘጠኙንም ሥዕል ከፈትኩ። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት፣ ዓሣ ሻጩ፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ ሁሉም ወደ ግራ። እንዴት ሳላይ ቀረሁ?

ዕቃዋን ልወስድ ሆዳን የሄድኩ ቀን ያየሁት ክፍሏ ትዝ አለኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ከፍራሽ ሌላ አያስገባም። ሶኬቱ ከወለሉ ብዙም ከፍ አይልም። የታብሌቱ ባትሪ ካልተሰካ አይሠራም፣ ገመዱ ደግሞ አጭር ነው። ታብሌቱን የቤታችን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩና ወለሉ ላይ በግራ ጎኔ ተጋደምኩ፤ ጭንቅላቴን ክንዴ ላይ አድርጌ አየሁ። ሴትየዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓሣ ሻጩም።

እናቴ ስትገባ እንደተጋደምኩ አገኘችኝ።

“አሞህ ነው?”

“አይ። እሷ እንዲህ ሆና ነው የሳለችው። እኔ ደግሞ ተቀምጬ እሷን ቀዳሁ።” ሁሉንም ነገርኳት፤ መምህሩን፣ ሐሙስን፣ ቅዳሜን። “ከሄድኩ ይሄን ከእጄ ያጠፉብኛል።”

ታብሌቱን ወሰደችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

“አንተ፣” አለች፣ “ወዳ የተጋደመች መሰለህ? ወንበር የምታስገባበት ስላልነበራት ነው። በደወለች ቁጥር ጎኔን አመመኝ ትለኝ ነበር። አንተን ና ተቀመጥ ሲሉህ መሬት ላይ ትንከባለላለህ?”

“ብቻሽን ትቀሪያለሽ።”

“እሱን ለኔ ተወው። የቆመ ሰው አይደል የፈለጉት? ይኸው ቆምኩ። ቶሎ በል፣ ድስት ጥጃለሁ።”

በሩ ላይ ቆመች። ከመቃኑ ላይ ቁልፍ በክር አንጠለጠልኩ፤ ቀጥታውን በሱ ለማየት። ሦስት ጊዜ ሳልኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከክሩ ወደ ግራ ሸሸች።

“እህትህ የዚያችን ልብስ የምታሰጣ ሴት እጅ ስንት ጊዜ ነው ያጠፋችው ያልከኝ?”

“ሰባት።”

“እንግዲህ እስከ ሰባት አልቆምልህም። እግሬ ደንዝዟል።”

አራተኛው ላይ ከክሩ ጋር ገጠመች። እጇ አላማረም። ጆሮዋንም ረስቼዋለሁ። ፎቶ አንስቼ ለመምህሩ ላክሁላቸው፤ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ለባለሱቁ ጻፍኩለት። ዘጠኙን ሥዕሎች ግን አላቃናኋቸውም።

እናቴ ሳህኑን አቀረበች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ እግሬ እንደ ልማዱ ልነሳ ልውጣ አለኝ። ጉልበቴን በእጄ ያዝኩት፤ አልተነሳሁም።