ሱሪው ላይ የነበረው ደም

የያዙኝ ከነነጭ ጋዋኔ ነው። አሰላ ውስጥ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ደም ማየት እንጀራዬ ነው። የፀረ አብዮት ወረቀት ማባዣ ደብቀሃል አሉኝ። ማባዣ ቀርቶ ደህና እስክሪብቶ እንኳ አልነበረኝም!

ያጎሩን ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ገብሱ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። የጭላሎ ተራራ ብርድ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል። አጠገቤ አንድ የኢተያ ልጅ፣ ወጣት አስተማሪ፣ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል።

«ምን አድርገህ ነው?» አልኩት።

«ዶሮ አርጄ፣ ጋሼ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አባቱ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። ለበዓሉ እናቱ፣ ሴት አታርድምና፣ ቢላዋውን ለእሱ ሰጡት። አርዶ አያውቅም። ነፍሷ ሳትወጣ ለቀቃት፤ እየተፈራገጠች ሱሪውን በደም ነከረችው። በዚያው ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ተገድሎ ተገኘ። ሱሪውን አስቀይረው ወሰዱበት።

በሦስተኛው ቀን የሚመረምረን ካድሬ አስጠራኝ። ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ደም ታውቃለህ አሉ። የሰው ነው ብለህ ፈርም፤ ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

«መጀመሪያ ልየው፣ ጓድ።»

በዘበኛ ታጅቤ ከካድሬው ጋር ወደ ገዛ ላቦራቶሪዬ ሄድኩ። እጄን ታጠብኩ። የደረቀውን ደም በምላጭ ፍቄ፣ በጨው ውሃ አርሼ፣ መስታወት ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የሰው ቀይ ደም ሕዋስ ክብ ነው፤ የዶሮ ግን ሞላላ ነው፣ መሀሉ ላይ ነጥብ አለው። ነጥቡ አለ።

«እርስዎም ይዩት» አልኩት ካድሬውን።

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። «እኔ ምንም አይታየኝም። ጻፍ።»

ልጄ ከተወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነበር። አልዋሽም፣ «የሰው» ብዬ ልጽፍ አስቤአለሁ። ፈራሁ። ከዚያ «የዶሮ ደም ነው» ብዬ ከነአባቴ ስም ፈረምኩ። በጥፊ አጮለኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አይሰማም።

ስመለስ ልጁ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ አዩት?»

«አየሁት። የዶሮ ነው፤ ጽፌዋለሁ።»

«ተመስገን!» አለ።

በማግስቱ ስሙ ሲጠራ የሚፈታ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር፣ ሞኙ! ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «ብርድ ነው፣ ይያዙልኝ።» አልተመለሰም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስፈታ ጋቢውን ይዤ ኢተያ ወረድኩ። እናትየው ተቀብለውኝ አሸተቱት።

«እማማ፣ የዶሮ ደም ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት።»

«እኔ መች አጣሁት፣ ልጄ? ያረደው ለእኔ አይደል!» አሉ። ቀና ብለው፣ «ጻፍከው?» አሉኝ።

«ጻፍኩት።»

«ከነስምህ?»

«ከነስሜ።»

«እግዜር ይስጥህ» ብለው ጋቢውን ታቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ኋላ ለወንጀል ምርመራ ደም የምመረምር ባለሙያ ሆንኩ። ፍርድ ቤት ቆሜ «ይህ የሰው ነው፣ ይህ የከብት ነው» ስል ዳኞች ያምኑኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለዚያ ልጅ ግን አልነጋለትም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ለበዓል ዶሮ የማርደው እኔው ነኝ። ክንፏንና እግሯን ረግጬ እቆማለሁ። ያቺ የሃያ ቀን ልጄ፣ ዛሬ የልጆች እናት ሆና፣ «አባዬ፣ አለቀላት እኮ፤ ልቀቃት» ትለኛለች።

አልለቅም።